ጉርሻ የተከለከለበት ቤት

ቦንጋ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ላለሽው ለወንድሜ ልጅ ለኤሌኒ፤

እመብርሃን በብርዱም በበረዶውም ትጋርድሽ። እንዴት ነሽልኝ? የዚያ የጀርመን አገር ዳቦ ጥርስ ይሰብራል ያልሽኝ፣ ጥርስሽ አለ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፤ እሱም የቆየ ዘመድ ነው፣ የቀረ ቀን ነው የምሰጋው።

መቼም "እማማ ለምን አይደውሉም?" ትያለሽ። ስልክ አልወድም ልጄ። ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል። ምን ተባባልን? ምንም። መሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ዛሬ ካልጠቀመኝ መቼ ሊጠቅመኝ ነው? ባለ ፎቶ ኮፒው ሬድዋን ወረቀቴን በስልኩ አንስቶ ይልክልሻል፤ ያንቺንም በትልልቅ ፊደል አውጥቶ ይሰጠኛል። ሲያነሳ እንደሚያነበውም አውቃለሁ። ሬድዋን፣ እያነበብክ ከሆነ ደጅህ ላይ ያለውን ጭቃ ጥረገው፣ ሰው ሊሰበርብህ ነው።

እንግዲህ የልጄን የሩሀማን ነገር በስልክ የሰማሽው ቁራጩን ነው። በመስቀል ማግስት ጧፍ ልንሠራ ሰም እያቀለጥን ነበር። እኔ ክሩን እገምዳለሁ፣ እሷ ድስቱን ይዛለች። የድስቱ ጆሮ ተነቀለ። ሰሙ ሙልጭ ብሎ በቀኝ እጇ ላይ ፈሰሰ፣ ግራዋንም ነካካት። ሰም ደግሞ እንደ ውሃ ወርዶ አይሄድም፤ ይዞ ነው የሚቀረው። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሆስፒታል ሰነበተች፣ ቁስሉ ሊደርቅ ምንም አልቀረው፣ አሁን ቤት ናት።

አንቺ የተቃጠለ እጅ የምታክሚ ነርስ ስለሆንሽ እንዴት እንደያዝናት ልንገርሽና ደስ ይበልሽ። አንድ ነገር አላስነካናትም! እኔ አጎርሳታለሁ፣ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ያጎርሳታል፣ የማኅበር ሴቶች በተራ ያጎርሷታል። ፊቷን እኔ አጥባታለሁ፣ ፀጉሯን እኔ አበጥርላታለሁ። ልጇን ብስራትን የማጥበው እኔ፣ የማዝለው እኔ፤ ሲርበው ደረቷ ላይ ይዤላት ይጠባል። እሷ ጡት ማዋስ ብቻ ነው ሥራዋ። ንግሥት ብትሆን ከዚህ በላይ አትያዝም።

እጇንም አምስቱን ጣት አንድ ላይ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንደ ጫጩት እርስ በርሳቸው እንዲሞቃቀፉ አድርጌ ነጠላ አለብሰዋለሁ። ዓይንም እንዳይበላት። የሆስፒታሏ ሲስተር የምሥራች ማታ ማታ እሰሩላት ብላ የሰጠችን አንዲት ጠንካራ የእጅ መደገፊያ ፕላስቲክ ነበረች። ልጅቷን ስላስለቀሰቻት ቁም ሣጥን ላይ ወርውሬያታለሁ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጠባሳ የሚያጠፋ የፈረንጅ ቅባት ካለ ላኪልኝ። ሌላው ተስተካክሏል።

አምላክ ከክፉ ሰውና ከክፉ ብርድ ይጠብቅሽ። አክስትሽ የሻረግ።


ሃኖቨር፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእማማ የሻረግ፤

ሰላምታዬ ከጉልበትዎ ሕመም ቀድሞ ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጥርሴም አለ።

እማማ፣ እንዳይቆጡኝ። ደብዳቤዎን ከሥራ መልስ ባቡር ላይ አነበብኩትና ቤቴ እስክደርስ መታገሥ አቃተኝ። የምጽፈው እዚያው ባቡሩ ውስጥ ነው።

ጣቶቿን አንድ ላይ አይጠቅልሏቸው። የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ያገኘውን ይይዛል፤ ጣት ከጣት ጋር ይጣበቃል። እያንዳንዷን ለብቻዋ። እጇ ሲያርፍ ደግሞ ትራስ ላይ ከፍ ይበል፣ ወደ ታች አይንጠልጠል። ያቺን ፕላስቲክ ዛሬውኑ ከቁም ሣጥኑ ያውርዷት። ጠባሳ ቁስሉ ከደረቀም በኋላ ለወራት ይሸበሸባል፣ ጣቶቹን ይዞ ወደ ራሱ ይጎትታቸዋል። ማታ ተኝታ እያለች ነው የሚጎትታት። የምሥራች የሰጠቻችሁ ነገር ያንን የሚከለክል አጥር ነው።

ሌላው ደግሞ፣ እንዴት ብዬ እንደምለው አላውቅም፣ ማጉረሱን ይተዉ። ራሷ ትብላ። ይፍሰስባት፣ ይውደቅባት። ማንኪያ ካስቸገራት እጀታውን በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩላት። ፊቷን ራሷ ትጠብ። እዚህ ያሉ ሕመምተኞቼን ገና ቁስላቸው ሳይደርቅ ጀምሮ ነው የማንቀሳቅሳቸው። ያረፈ እጅ አይድንም እማማ፣ ይዘጋል።

ቅባቱን እልካለሁ። ግን ቅባት ጣት አይከፍትም። አሁን ጣቶቿ ምን ያህል ይዘረጋሉ? አውራ ጣቷ ትንሿን ጣት ይነካል? እባክዎ ፎቶ ይላኩልኝ።

የምትወድዎት ኤሌኒ።


ቦንጋ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተማረችው ለኤሌኒ፤

ቸሩ መድኃኔ ዓለም ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ትንሽም ትዕግሥት ይጨምርልሽ።

ዘገየሁ፤ ሬድዋን አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። እሺ፣ ዘገየሁ አይደለም፣ ተቀይሜሽ ነው። ሬድዋን የትም አልሄደም።

ወይ ጉድ! የተቃጠለች ልጅ ጉርሻ ትከልከል? በዚህ ቤት? አንቺንስ ኩፍኝ ይዞሽ አፍሽ በቆሰለ ጊዜ በሙዝ ቅጠል ላይ ገንፎ እያበረድኩ ማን ነበር ያጎረሰሽ? "ራስሽ ብዪ" ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጀርመን ሆነሽ ትመክሪኝ ነበር? ለጥየቃ የመጣ ሰው ጉርሻውን ዘርግቶ ልጅቷ ፊቷን ብታዞርበት የት አገር ያለ ነው? እትዬ በዛወርቅን "እጅሽን ሰብስቢ" ልበላት? እሷ እኮ ለአንዲት ጉርሻ ስትል ከላይ ሰፈር ዳገት የወረደች ሴት ናት።

ሩሀማ በጣም ደህና ናት። ቁስሉ ደርቋል። መልኳም ተመልሷል፣ ወፍራለች እንኳን። ብስራት ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ አገር ምድሩን ያኝካል። ሚሊዮን ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሺሺንዳ ይመጣል። ባለፈው እናቱን እትዬ ሙሉነሽን ይዟት መጣ። እንደምታውቂያት ናት፤ ገብታ ሳትቀመጥ ጣሪያውን ታያለች፣ ቀጥላ ወለሉን፣ ከዚያ ሰውን። ብስራት እኔ ጀርባ ላይ ነበር። "ልጁ እናት የለውም እንዴ?" አለች። "አለችው፣ እጇ ታሞ ነው" አልኳት። "እጅ የሌላት እናት ምን ታደርግለታለች? ወተት አይደለም፣ እንባ ነው የሚጠባው" ብላኝ ቁጭ። መልስ ነበረኝ፤ እንግዳ ናት ብዬ ዋጥኩት። ዋጥ ማድረግ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ያንቀኛል።

ቅባቱ በሰው ከመጣ ጥሩ። ለሙሉነሽም ወፈር ያለ ሹራብ ብትልኪላት ምናልባት አፏን ያሞቀዋል።

ፎቶው ይቆይ። የታመመ ገላ ፎቶ አይነሳም፣ ዓይን ይወድቅበታል።

አክስትሽ የሻረግ።


ሃኖቨር፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ የሻረግ፤

ጤና ይስጥልኝ። የኩፍኙን ገንፎ አልረሳሁም፤ እስከ ዛሬም ከምግብ ሁሉ የምወደው ገንፎ ነው።

እማማ፣ ስለ እትዬ በዛወርቅ ጽፈውልኛል፣ ስለ ብስራት ጥርስ ጽፈውልኛል፣ ስለ እትዬ ሙሉነሽ ጽፈውልኛል። ስለ ሩሀማ ጣቶች አንድ ቃል የለም። የጠየቅሁዎት እሱን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ፎቶ ካልሆነ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ሩሀማን ይጠይቋት፦ "በእጅሽ ከሁሉ በፊት ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?" እኔ ከእያንዳንዱ ሕመምተኛዬ ጋር የምጀምረው በዚህ ነው። አንዱ ቁልፍ ማዞር ይላል፣ አንዷ መስፋት ትላለች። መልሷን ራሷ በምትለው ቃል ይጻፉልኝ። እርስዎ አይመልሱላት።

ኤሌኒ።


ሃኖቨር፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ፣

ሬድዋንን ጠየቅሁት፤ ደብዳቤዬን እንደሰጠዎት ነገረኝ። ተቀይመውኝ ከሆነ ይቀየሙ፣ ግን እየተቀየሙ ይጻፉልኝ። ጊዜው ከእኛ ጋር አይቀየምም፣ ይሄዳል።

ኤሌኒ።


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤሌኒ፤

አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ጣቶቿ አይከፈቱም። ይኸው ጻፍኩት። ቀኝ እጇ እንደ ዶሮ እግር ተኮማትሯል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቷ እስከ መሐላቸው ተጣብቀዋል። ጠባሳው ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንደ ጠፍር ደርቋል፤ ሌሊት ያሳክካታል። አውራ ጣቷ መካከለኛውን ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ግራዋ ይሻላል፣ እሷም ግን ደክማለች፤ ማንኪያ ስትይዝ ትንቀጠቀጣለች። ለካ ሥራ ፈትታ ነው። ያቺን የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ ነበር ያየሁት፣ ጨርቁን የፈታሁት። አይቼ መልሼ አለበስኩት። እንዳላየሁ ሆንኩ። ምን እላለሁ ሌላ።

ጥያቄሽን የጠየቅኳት ትናንት ነው። እጇን ገልብጣ አየችው። ጎትጉቼ ልመልስላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ "አይመልሱላት" ያልሽው ትዝ አለኝና ምላሴን ነከስኩ። እሷው ራሷ "ልጄን ማዘል" አለች። "ምን?" አልኳት። "ብስራትን አንሥቼ፣ ራሴ አዝዬው፣ ራሴ አስሬው፣ እስከ ገበያ መሄድ።" ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? "እማማ፣ ሲያለቅስ እጁን የሚዘረጋው ወደ አንቺ ነው።"

ኤሊዬ፣ ይህን ስትለኝ ልጁ ጀርባዬ ላይ ነበር። ማውረድም አቃተኝ፣ መያዝም አቃተኝ።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ሙሉነሽ ሰው ልካለች። ጥምቀት ባለፈ ቅዳሜ መጥታ ብስራትን ወደ ሺሺንዳ ልትወስደው ነው። "እጇ እስኪድን" ነው የምትለው። እጇ ደግሞ እንዲህ ከሆነ መቼ ሊድን ነው? ልጁ እዚያ ቆሞ ሊሄድ፣ እዚያ አፍ ሊፈታ፣ ሌላዋን "እማ" ሊል ነው። ሚሊዮንን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብለው መሬት መሬት ያያል። እናቱ ፊት ጀርባ አጥንት የለውም፣ ከዚያ በቀር ጥሩ ልጅ ነው።

ቅባቱን ተይው። ሹራቡንም ተይው። ለሙሉነሽ አንቺ ጻፊላት። ከጀርመን የመጣ ወረቀት ትፈራለች። "ልጁ ከእናቱ እንዳይለይ ሐኪም ከልክሏል" በያት። ማኅተም ካለሽ ምቺበት።

አክስትሽ።


ሃኖቨር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለእማማ የሻረግ፤

ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያየሁትን አላየሁም ማለት የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ እዚህም ትልልቅ ሰዎች የልጃቸውን እጅ ጓንት አልብሰው ይመጣሉ።

ለእትዬ ሙሉነሽ አልጽፍም። በወረቀት የቀረ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይወሰዳል። ሩሀማ ካዘለችው ግን ከጀርባዋ ላይ ፈትቶ የሚወስደው ሰው አይኖርም።

ነገ ጠዋት ሲስተር የምሥራች ጋ ይሂዱ። ፕላስቲኳን ይዘው ይሂዱ፤ እጇ ስለተቀየረ እንደገና ትስተካከልላት። ትቆጣኛለች ብለው አይፍሩ፣ የምሥራች ደስ ነው የሚላት። የተጣበቁት ሁለቱ ጣቶች ወደፊት ጅማ ሄደው ቢላ ሳይነካቸው አይለያዩ ይሆናል፤ አልዋሽዎትም። የቀሩት ግን ገና አልመሸባቸውም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ነው። የማስታገሻ ኪኒኗን ትዋጥ፣ ኪኒኑ እስኪሠራ ትቆይ፣ ከዚያ እጇን ለብ ባለ ውሃ ታሙቅ። ጠባሳውን በቫዝሊን በአውራ ጣትዎ ጫን ብለው ያሹላት፤ ማሳከኩንም ይቀንስላታል። ከዚያ ራሷ ትክፈት፣ ራሷ ትዝጋ። ራሷ ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ። በግድ የሚጎተት ጣት ይቀደዳል። ታለቅሳለች። ለቅሶዋ አያስቁማችሁ፤ ደም ካዩ ወይም እብጠቱ አድሮ ካልሄደ ግን ያቁሙና የምሥራችን ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በሥራ ነው። ቆጮውን ራሷ ትቁረስ። ልብስ ትጭመቅ። ማበጠሪያ ትያዝ። ለማዘል ደግሞ ማዘያውን ባዶውን ማሰርና መፍታት ትልመድ። ሲሳካላት ልጁን ሳይሆን ክብደት ያለው ሌላ ነገር ታዝል።

የእርስዎ ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፤ አጠገቧ ተቀምጦ አለማገዝ ነው።

ኤሌኒ።


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስቸጋሪዋ ለኤሌኒ፤

የገናን ጾም በሰላም ያስፈታሽ፣ ጾመሽ ከሆነ።

የምሥራች አልተቆጣችም። "እማማ፣ መጡልኝ?" ብላ ሳመችኝ፤ ከዚያ የሩሀማን እጅ ስታይ ፊቷ ወረደ፤ ከቁጣ ይብሳል። ፕላስቲኳን በሙቅ ውሃ አለስልሳ እንደገና ልኳን አደረገችላት። በሳምንት ሁለቴ እንሄዳለን።

ቤቴ ውስጥ ጉርሻ ክልክል ሆኗል። በር ላይ ቆሜ ነው የምናገረው፦ "ግቡ፣ ጠይቁ፣ ብሉ፤ ልጅቷን ግን እንዳታጎርሱ።" በዛወርቅ "ምነው፣ ልጅቷን ጠላሻት እንዴ?" አለችኝ። "የጀርመን መድኃኒት ነው" አልኳት። "ጀርመን ደግሞ ረሃብ ነው እንዴ መድኃኒቱ?" ብላ ተነሥታ ሄደች፤ ሰፈሩን አዳርሳዋለች። የሻረግ በስተርጅና ቆንቋና ሆነች ተብያለሁ። አንዷ የማኅበር ሴት ዞር ስል ጠብቃ ልታጎርሳት ስትል ያዝኳት። ሩሀማ አፏን ገጥማ "ኧኧ" አለቻት። መጀመሪያ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ምግቡ ግን ሲያሳዝን! ግማሹ ጭኗ ላይ፣ ግማሹ ወለል ላይ፣ ዶሮዎቼ ሰብተዋል። ማሸቱ ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ይጨልምብኛል። "እማማ በቃ፣ እማማ ይበቃኛል" ትለኛለች። እኔ እያለቀስኩ አሻለሁ፣ እሷ እያለቀሰች ትከፍታለች፣ ብስራት ሁለታችንን አይቶ ያለቅሳል። ሬድዋን በደጅ ሲያልፍ "ሰው ሞተ እንዴ?" ብሎ ገባ። አየሽ፣ አውራ ጣቷ ግን መካከለኛውን አልፎ የቀለበት ጣቷን ነክቷል።

ማዘያውን አሰረች። በስንት መከራ፣ ግን አሰረች። ክብደት ያለው ነገር ስትዪኝ ጓሮ ያለችዋን ትልቋን ዱባ ቆረጥኩላት። ዱባ አዝላ በጓሮው ትዞራለች ልጄ! የጎረቤት ልጆች በአጥር ቀዳዳ ያያሉ። "ስሙ ማን ነው?" አሏት። "ዱባለ" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ "ዱባለ እንዴት አደረ?" ነው የሚለን።

ትናንት ዱባለ ወደቀ።

ቋጠሮው ከጣቶቿ አመለጣትና ከጀርባዋ ተንሸራትቶ ድንጋዩ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። እሷ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እራት አልበላችም። ማታ ፕላስቲኳን ላስርላት ስል እጇን ነጠቀችኝ። "ይውሰዱት። ልጄን ከምሰብረው ይውሰዱት" አለችኝ።

ኤሊዬ፣ እኔም እንደዚያው ነው የማስበው። ያ ዱባ ሲፈነዳ የሰማሁት ድምፅ አይወጣልኝም። ሙሉነሽ ክፉ ናት እንጂ እጇ ጤነኛ ነው፤ ልጁ አይወድቅባትም። እባክሽ፣ አንቺ የምታውቂ ነሽ፣ "ይሂድ" በይኝና ይሂድ። ያን ብቻ ነው የምለምንሽ። ሩሀማን "ኤሌኒ ናት ያለችው" እላታለሁ።

አክስትሽ የሻረግ።


ሃኖቨር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ የሻረግ፤

"ይሂድ" አልልም።

ጥፋቱ የኔም አለበት። ቆማ ነው ያሠራኋት፤ ያ ስሕተት ነው። እዚህ ማንም ልጅ በጨርቅ ሲያዝል ስለማላይ የእናንተን ማዘል ረስቼዋለሁ። ለካ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚታዘለው። ፍራሽ መሬት ላይ ያንጥፉላት። ተንበርክካ፣ ደረቷን ወደ ፍራሹ ዝቅ አድርጋ፣ ጀርባዋ ጠረጴዛ እስኪሆን ትጎንበስ። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ልጅ ይስቃል እንጂ አይሰበርም። ማዘያው ሰፊና ሻካራ ይሁን፣ ሐር ነገር ያንሸራትታል። ቋጠሮው ደረቷ ላይ ይሁንና ጫፎቹን እርስዎ ቀድመው ወፈር ወፈር አድርገው ይስፉላት፤ ቀጭን ጫፍ ለተዘጋ ጣት አይያዝም። አዲስ ዱባ ይፈልጉ። ዱባው ደጋግሞ ሳይወድቅ ሲቀር፣ ያን ጊዜ ብስራት፣ እርስዎ አጠገቧ ተንበርክከው።

ለሩሀማ ይህን ያንብቡላት፦ ሩሀሜ፣ እንዳይወድቅ መፍራትሽ እናት ስለሆንሽ ነው። ግን ከፈራለት ጋር ሳይሆን ከያዘው ጋር ነው ልጅ የሚለምደው።

ቅዳሜው ቀርቧል። ያን ቀን እትዬ ሙሉነሽ ፊት እጅዎን ሰብስበው ይቀመጡ። እርስዎ ከነኩት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ኤሌኒ።


ቦንጋ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤሌኒ፤

የጥምቀቱ በረከት ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ዱባዎቹ አልቀዋል። ሁለተኛው ወደቀ፣ ፍራሽ ላይ ስለሆነ ደህና ነበር፤ ሦስተኛው አልወደቀም። ብስራትን ከገና በኋላ ሞከርነው። እኔ ፍራሹ ዳር ተንበርክኬ እንደ ግብ ጠባቂ እጄን ዘርግቼ። እሱ ፀጉሯን ይዞ ይጎትታል፣ እሷ ቋጠሮውን ትታገላለች። አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ ልጁ ይሰለቸዋል፣ ተንከባሎ ይወርዳል። ታስረዋለች እንጂ የሚያስተማምን አልነበረም፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። በዚያ ላይ ነው ቅዳሜ የደረሰው።

ሙሉነሽ በጠዋት መጣች። ሚሊዮን ከኋላዋ፣ ሁለት ሴቶች ከኋላው፤ የልጁን ልብስ መያዣ ባዶ ቦርሳ ሳይቀር ይዘዋል። ያቺን ባዶ ቦርሳ እያየሁ ለሙሉነሽ ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም። "ልጁን አዘጋጁልኝ፣ መኪናው አይጠብቅም" አለች።

ሩሀማ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበረች። "እትዬ፣ እኔ ላዘጋጀው" አለቻት። የምንለማመድበትን ፍራሽ በእግሯ ስባ አነጠፈች። ብስራትን አንሥታ በክንዷ አቅፋ ተንበረከከች፣ ጎነበሰች፣ በግራ እጇ ወደ ጀርባዋ አሻገረችው። ማዘያውን ጣለችበት። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ቋጠሮው።

ኤሊዬ፣ አንዱን ጫፍ በግራዋ ያዘች፤ ቀኟ ሁለተኛውን ትይዛለች፣ ያመልጣታል፣ ትይዛለች፣ ያመልጣታል። ብስራት ማልቀስ ጀመረ። ያ ቁጣ ሲቀላቀልበት የሚያለቅሰው ለቅሶ። ወደ ጎን ተንሸራተተ። ሙሉነሽ "ኧረ ልጁ!" ብላ እጇን ሰደደች። እኔ ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም፣ እጇን አየር ላይ ቀለብኩት። "ተይ" አልኳት። "ልቀቂኝ የሻረግ! ልጁ ሊወድቅ ነው!" "ይውደቅ። ፍራሽ ነው። እጅሽን ሰብስቢ።" እንደዚያ ብዬ ስናገር ልጁ ደግሞ ወደኔ እያየ እጁን ዘረጋ። ወደኔ! አላየሁትም። ጣሪያውን ነው ያየሁት። ሙሉነሽን ይዤ እኔም ተይዤ ቆምኩ።

ሩሀማ ቀና ሳትል ጫፉን ወደ አፏ ወሰደችና በጥርሷ ነከሰችው። በጥርሷ ይዛ፣ በግራዋ አዙራ፣ በቀኟ በእነዚያ በሚሠሩት ሦስት ጣቶቿ ጎትታ አጠበቀችው። አንዴ። እንደገና ደግማ። ከዚያ በጉልበቷ ተነሣች። ልጁ አልወደቀም።

ሙሉነሽ ያው ሙሉነሽ ናት፦ "ይሄ እኮ ጥርስ ነው እንጂ እጅ የት አለ?"

ሩሀማ ላብ በግንባሯ እየወረደ ዞረችባት። "ጥርሴም የኔ ነው፣ እትዬ።"

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ሳቀች። ሚሊዮን፣ ያ ጀርባ አጥንት የሌለው፣ ባዶውን ቦርሳ ከእናቱ እጅ ወሰደና "እማ፣ እንሂድ፣ መኪናው አይጠብቅም" አለ። ሙሉነሽ ልጇን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ያን የያዝኩትን እጇን አሸች። "ጥፍርሽ ስለት ነው" አለችኝ። ሳይወስዱት ሄዱ። በር ላይ ግን ተመልሳ ብስራትን ግንባሩን ሳመችው፤ አልበድላትም፣ አያቱ ናት።

ጅማ ለቀዶ ሕክምናው ስማችን ተመዝግቧል፤ የምሥራች ናት የላከችን። ትንሿ ጣት እንደ ድሮዋ አትሆንም ተብለናል። ሩሀማ "የቀሩት ይበቁኛል" ብላለች። ማታ ማታ ፕላስቲኳን ራሷ ነው የምታስረው። ማሳከኩ አልተዋትም፣ ማሸቱም አልቀረም፣ እኛም ማልቀሱን አልተውንም።

ዛሬ ሰኞ ከእንቅልፌ ስነሣ ቤቱ ጭር ብሏል። ወጥቼ ባይ ወደ ገበያው ቁልቁለት እየወረደች ነው፣ ብስራት ጀርባዋ ላይ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል። ልጠራው ፈለግኩ፤ ከጠራሁት ይዞራል ብዬ ተውኩት። በዛወርቅ አጠገቤ መጥታ ቆመች። "ዱባለ አደገ እኮ" አለች። ልስቅ ብዬ አልመጣልኝም። እስኪታጠፉ አየኋቸው፣ ከዚያ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ጀርባዬ ቀሎኝ ብርድ ገባብኝ። ልጄ፣ ያ ሁሉ ቀን ስታገልለት የነበረው ይሄው ነው፤ ደስም ብሎኛል፣ በማርያም ደስ ብሎኛል። ግን እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

አምላክ አንቺንም፣ እጃቸውን የምትከፍቺላቸውን ሰዎችም ይጠብቅ።

አክስትሽ የሻረግ።